መድረክ ላይ ኮድ ለምትጽፊው እህቴ፦ መግለጫውን ተዪው፣ ስክሪኑን አሳዪ

እህቴ፣ «ባሕር ዳር መድረክ ላይ ኮድ እየጻፍኩ ሙዚቃ ልጫወት ነው፣ ታዳሚው ምን ያህል እንዲገባው ላድርግ?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ በዚሁ ጉዳይ ገንዘቤም ሞራሌም ተበልቷል። አንቺ እንዳትደግሚው።

1. መግለጫ አትስጪ። የመጀመሪያ ዝግጅቴን አዳራሽ ውስጥ ነው ያደረግኩት። ሙዚቃው ሳይጀመር 25 ደቂቃ ሙሉ ስላይድ አሳየሁ። ሉፕ (እየተደጋገመ የሚጫወተው የኮድ ክፍል) ምንድን ነው፣ ሶኒክ ፓይ (የተጻፈለትን ኮድ ሙዚቃ የሚያደርገው ፕሮግራም) ምንድን ነው፣ ምን አለፋሽ። 60 የሚሆን ሰው መጥቶ ነበር፤ ስጨርስ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። የቀረውም ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ ኮዱን ለመከተል ይታገላል እንጂ አንድ ሰው ትከሻውን አልነቀነቀም። ለፕሮጀክተርና ለድምፅ ማጉያ የከፈልኩት የሁለት ወር የቤት ኪራዬን ነው።

አዳራሹን ለማግኘት ያየሁት አበሳ ደግሞ አለ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ኃላፊው ደብዳቤዬን አንብቦ ሳይጨርስ «ዘፋኙ የታለ?» አለኝ። የምጫወተው እኔ ነኝ አልኩት። «መሣሪያህስ?» ላፕቶፔን አሳየሁት። «ይሄማ ስልጠና ነው፣ የስልጠና ደብዳቤ አጽፈህ ና» ብሎ ወረቀቱን ገፋልኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ያን ሁሉ ስላይድ ያሠራኝም የሱ ንግግር ይመስለኛል። ሙዚቃ መሆኑን ማስረዳት ያለብኝ መሰለኝ።

2. ስክሪኑን ግን አትደብቂ። በ2004 እ.ኤ.አ. ሃምቡርግ ላይ የተመሠረተው ቶፕላፕ የተባለው የዚህ ሙያ ስብስብ በመርሆዎቹ «ስክሪናችሁን አሳዩን» ይላል። እዚያው ላይ፣ ጊታር የማይችል ሰው ጊታር ሲጫወቱ አይቶ እንደሚደሰት ሁሉ ታዳሚው ኮዱን የግድ ማወቅ የለበትም ይላል። እኛ ይሄን ከአዝማሪ ቤት እናውቀዋለን። ማሲንቆ እንዴት እንደሚቃኝ የሚያውቅ ታዳሚ ስንት ነው? ግን ደጋኑ ሲሄድ ሲመለስ ያያል። «ተቀበል» ብሎ ግጥም ሲሰጥ የራሱ ቃል ወዲያው ዜማ ሆኖ ይመለስለታል። ወርቁ የገባው ይስቃል፣ ሰሙ ብቻ የገባውም ይጨፍራል።

ሁለተኛውን ዝግጅቴን ጣና ዳር አንድ መናፈሻ ውስጥ አንድም ቃል ሳልናገር ጀመርኩ። ለሉፕ ስም የምታወጪለት ራስሽ ነሽ፤ እኔ «ከበሮ» እና «ክራር» ብዬ በላቲን ፊደል ጻፍኩ። ለክራሩ የትዝታን አምስት ድምፆች ብቻ ሰጠሁት። ከዚያ ከበሮው ውስጥ ያለውን «ስሊፕ 0.5»፣ ማለትም ከአንዱ ምት እስከ ቀጣዩ የሚጠብቀውን ጊዜ፣ ወደ 0.25 ቀየርኩ። ከበሮው በእጥፍ ፈጠነ። ፊት ለፊት የተቀመጡ አባት ጓደኛቸውን በክርናቸው ጎሸም አድርገው «አየኸው? ቁጥሯ ናት ያስሮጠችው!» አሉ። በኋላ ስንጨዋወት ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ያቺን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ታዳሚው እንዲገባው የምፈልገው ይቺኑ ነው፤ እጄ የነካው ነገር እሱ ጆሮ ላይ መድረሱ። ከዚያ በላይ የፈለገ ፕሮግራመር ራሱ መጥቶ ይጠይቅሻል፣ እሱን ቡና ላይ አስረጂው።

ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። እኔ አዳራሹ ውስጥ አምስት መስመር ጽፌ አንድ ላይ ሳስነሳው የትኛው ምን እንዳመጣ ማንም አላወቀም። ፊደሉን አተልቂው። የሲንታክስ ስህተት (ለምሳሌ የከፈትሽውን ሳትዘጊ መቅረት) ብትሠሪም አትደንግጪ፤ ሶኒክ ፓይ የቀድሞውን ሉፕ መጫወቱን አያቋርጥም፣ አርመሽ እንደገና ታስነሺዋለሽ።

ውጭ ከሆነ የምትጫወቺው ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት አትጀምሪ። እኔ 11 ሰዓት ላይ ስሞክረው የታየው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፕሽ በባትሪ ይሠራል፣ ድምፅ ማጉያውና ፕሮጀክተሩ ግን አይሠሩም። ጄኔሬተር እንዳለ ብቻ ሳይሆን ነዳጅ እንዳለውም ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት አይተሽ አረጋግጪ።