ፔዳሉ ቢርገፈገፍም እግርዎን አያንሱ

ጥያቄ፦ በዝናብ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ አንድ ሚኒባስ ከፊቴ ድንገት ቆመ። ፍሬኑን በኃይል ስረግጠው ፔዳሉ እግሬ ሥር ተርገፈገፈ፤ ከታችም የሚያንገራግር ድምፅ ሰማሁ። ደንግጬ ለቀቅኩት፣ ለጥቂት ተረፍኩ። አሁን ደግሞ የኤቢኤስ ቢጫ መብራት በርቶ ቀረ። የሰፈሬ መካኒክ «ፊውዙን ነቅለን እንገላገል» ይለኛል። ምን ይሻለኛል? (አንባቢ፣ ከጉለሌ)

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈዎት። ያ መርገፍገፍ ብልሽት አይደለም፤ ኤቢኤሱ፣ ማለትም ፍሬን ሲይዙ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው ሥርዓት፣ ሥራ ላይ ነበር።

በየጎማው በኩል የጎማውን ፍጥነት የሚለካ ሴንሰር አለ። ፍሬን ሲይዙ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ በድንገት ወደ መቆም ካደላ፣ ኮምፒውተሩ ሊቆለፍ መሆኑን ያውቃል። ወዲያው በቫልቭ የዚያን ጎማ የፍሬን ዘይት ግፊት ያላላል፤ ጎማው መዞር ሲጀምር መልሶ ያጠብቃል። ይህ በሴኮንድ ከ10 ጊዜ በላይ ሊደጋገም ይችላል። እግርዎ የሰማው የዘይቱን ምት ነው፤ ድምፁም የፓምፑና የቫልቮቹ ነው።

ይህ ሁሉ የሚደረገው የተቆለፈ ጎማ ለመሪ ስለማይታዘዝ ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ቢጠመዝዙትም መኪናው ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። ስለዚህ አጥብቀው ይርገጡ፣ ሳይለቁ ይያዙ፣ ሚኒባሱን በመሪ ይሽሹት። የድሮ ሾፌሮች የሚመክሩት ረገጥ ለቀቅ ማድረግ ኤቢኤስ ለሌለው መኪና ነው፤ እርስዎ ዘንድ ግን ሥራውን ያበላሻል። ልል ጠጠር ላይ ኤቢኤስ የመቆሚያውን ርቀት ሊያረዝመው ስለሚችል፣ ኮረኮንች መንገድ ላይ ከፊትዎ ካለው መኪና ራቅ ይበሉ።

ፊውዙን ግን እለምንዎታለሁ፣ አያስነቅሉ! ቢጫው ብቻ ሲበራ ተራው ፍሬን ይይዛል፤ ከመቆለፍ የሚከላከልልዎ ግን የለም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጭቃ የሸፈነው ሴንሰር ወይም የተበጠሰ ሽቦው ነው። በምርመራ ማሽን ቢያስነብቡት የትኛው ጎማ እንደሆነ ይነግርዎታል፤ አንዳንዴ ማጽዳት ብቻ ይበቃዋል። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ግን መኪናውን አያንቀሳቅሱ።

መኪናዎ ትራክሽን ኮንትሮል ካለው የሚሠራው በእነዚሁ ሴንሰሮች ስለሆነ እሱም አብሮ ሳይቆም አይቀርም። እሱ ሲነሱ በከንቱ የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን ይይዛል፣ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። ከተጠገነ በኋላ ጭቃ ውስጥ ከተያዙ ማጥፊያውን ተጭነው ያጥፉት፤ ለመውጣት ያ ጉልበት ያስፈልግዎታል። አስፋልት ሲይዙ መልሰው ያብሩት።