«ማስተርስ አለው» ብቻውን አይበቃም

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። የ10 ዓመት ልጄን ባለፈው ዓመት ቤት አስተማርኩት። ፈተና አላስፈተንኩትም። ወንድሜ ማስተርስ ስላለው ደብዳቤ ጻፈልንና በጁላይ መጨረሻ ላክን። አሁን ካውንቲው «ይህ በቂ ማስረጃ አይደለም» ብሎ ጽፎልናል። ሕጉ ማስተርስ ያለው ሰው ይበቃል ይላል። ታዲያ አልቀበልም ማለት ይችላሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሕጉን አንብበዋል፤ ግን ግማሹን ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት የሚያስተምር ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለሱፐርኢንቴንደንቱ፣ ማለትም ለአካባቢው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ፣ ያሳውቃል። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ እስከ ኦገስት 1 የልጁን እድገት የሚያሳይ ማስረጃ ያስገባል። በፈተና ከሆነ አጠቃላይ ውጤቱ ከ4ኛ ስታናይን (ውጤትን በዘጠኝ ደረጃ ከሚከፍለው መለኪያ አራተኛው) ማነስ የለበትም፤ ይህም ከ23ኛ ፐርሰንታይል ይጀምራል፤ ከመቶ ተፈታኞች 23 ያህሉን መብለጥ ማለት ነው። ፈተና ካልፈለጉ የግምገማ ደብዳቤ አለ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ደብዳቤ ላይ ነው። የእኛ ሰው ሲጽፍ ልጁን ለሥራ የሚያስቀጥር ይመስላል። «ጨዋ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ታላላቆቹን ያከብራል፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ያገለግላል።» እግዜር ያሳድገው፤ ካውንቲው ግን ይህን አልጠየቀም። ሕጉ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። ጸሐፊው በየትኛውም ስቴት የመምህርነት ፈቃድ ወይም በአካዳሚክ ትምህርት ማስተርስና ከዚያ በላይ ይኑረው። የልጁን የትምህርት ሁኔታ ይወቅ። ደብዳቤው ልጁ በትምህርቱ በቂ እድገትና መሻሻል እያሳየ መሆኑን በግልጽ ይናገር። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ማስረጃውን መዝኖ የሚወስነው ሱፐርኢንቴንደንቱ ነው።

ወንድምዎ የት እንደሚኖር አልጻፉልኝም። የልጁን ደብተር አይቷል? ወይስ በበዓል ቀን ደውሎ «እንዴት ነህ ጎበዜ» የሚል አጎት ነው? ሁለተኛው ከሆነ «በል አስተካክለህ ጻፍልን» እንዳይሉት፣ አደራ። ያላየውን አይቻለሁ ብሎ ከፈረመ ራሱንም እርስዎንም ችግር ውስጥ ይከታል።

ሌላም የዘለሉት ነገር አለ። ለምን አላስፈተኑትም? ንባብ ይከብደው ይሆን? እንደዚያ ከሆነ መደበቁ ልጁን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። የመማር ችግር አለበት ብለው ከጠረጠሩ ካውንቲው እንዲመረምረው በጽሑፍ ይጠይቁ። ቤት የሚማሩ ልጆችንም ይመለከታል፤ ክፍያ የለውም።

አሁን የመጣልዎትን ደብዳቤ እንደገና ያንብቡት። ተጨማሪ ማስረጃ ብቻ ከጠየቀ ፈቃድ ያለው መምህር ፈልገው ደብተሮቹን ይዘው ይሂዱ። ሴፕቴምበር ላይ የሠራውን ሒሳብና ሜይ ላይ የሠራውን ጎን ለጎን ያሳዩት። በራሱ ዓይን አይቶ ይጻፍ። ስታስገቡ መድረሱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይያዙ፤ «በስልክ ነግሬያቸው ነበር» የሚባል ማስረጃ የለም።

«ፕሮቤሽን» (የማስጠንቀቂያና የሙከራ ጊዜ) የሚል ቃል ካለበት ግን መልስ ከመጻፍዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። ፕሮቤሽን አንድ ዓመት ነው። ማስተማር እንደሚችሉ የሚያሳይ ማስረጃና የማሻሻያ ዕቅድ ማቅረብ ይጠበቅብዎታል። ያ ተቀባይነት ካጣ ቤት ማስተማሩ ይቆማል። በሱፐርኢንቴንደንቱ ውሳኔ ካልተስማሙ በ30 ቀን ውስጥ ጉዳዩን ለሚሰማ ገለልተኛ ሰው ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ወጪው ግን እንደ ውጤቱ ለእርስዎም ሊደርስዎ ይችላል።

ለመሆኑ የዘንድሮውን የኦገስት 15 ማሳወቂያ አስገብተዋል? አንድም ቃል አላሉኝም። ካላስገቡ ዛሬውኑ ያስገቡ።

እዚህ የጻፍኩት ወረቀቱን ሳላይ ነው። የወንድምዎን ደብዳቤ፣ የካውንቲውን መልስና ያስገቡትን ማሳወቂያ ይዘው በቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። የካውንቲው ደብዳቤ የመጣበትን ፖስታም አይጣሉት፤ ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ያስፈልግዎት ይሆናል።