መልስ፦ የእናቴን የሠርግ ፎቶ በስቴብል ዲፊውዥን (ምስል በሚሠራ የኤአይ ሞዴል) ወደ ጎን ሳሰፋው መጋጠሚያው ላይ መስመርና ጥቁር ጥላ ይወጣል

መስመሩ የሚወጣው ማስክህ (ሞዴሉ አዲስ ምስል የሚሞላበትን ቦታ የሚለየው ሽፋን) ልክ የፎቶው ጠርዝ ላይ ስለሚያልቅ ነው። ማስኩን ወደ ፎቶው ውስጥ ከ32 እስከ 64 ፒክስል አስገባው፤ ጠርዙንም አደብዝዘው።

ጥላው ደግሞ የመጣው አዲሱን ቦታ ጥቁር አድርገህ ስለተውከው ነው። ዲኖይዚንጉ (ሞዴሉ ከሥር ያለውን ምን ያህል እንደሚለውጥ የሚወስነው ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር) 0.5 ላይ ከሆነ ጥቁሩ ከሥር ይቀራል። ወይ ወደ 1 አስጠጋው፣ ወይ የጠርዙን ፒክስሎች እንደ መስታወት ገልብጠህ ሙላበት። ስቴብል ዲፊውዥን 1.5 ከሆነ የያዝከው፣ ተራውን ትተህ የኢንፔይንቲንግ ሞዴሉን (የምስልን ክፍል ለመሙላት የተዘጋጀውን) ጫን። እሱ ማስኩንና የተሸፈነውን ፎቶ እንደ ተጨማሪ ግብዓት ይቀበላል፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታይሃል። የሠለጠነው በ512 ፒክስል ምስሎች ስለሆነ በአንዴ ብዙ አታስፋ። 128 ፒክስል እየጨመርክ፣ አንድ ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው ሂድ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ቪኤኢ የሚባለው የሞዴሉ ክፍል ምስሉን ጨምቆ መልሶ ስለሚዘረጋው፣ ማስክ ያልነካው ቦታም በትንሹ ይለወጣል። መጀመሪያ ላይ ልብ አትለውም። ዙሩ ሲደጋገም ግን የእናትህ ሽፋሽፍትና የቀሚሷ ጥልፍ እየሟሟ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ዋናውን ፎቶ በዚያው በደበዘዘው ማስክ ከላይ መልሰህ ለጥፈው። ኦሪጅናሉን ፋይልም ለብቻው አስቀምጥ።