ከመፈጸማችሁ በፊት ጨርሳችሁ አንብቡ

ልጆቼ፣ የጥንቱን የሙሴን ሕግ ከነፊደሉ ለመጠበቅ መቅናታችሁን አከብራለሁ። «ዘመኑ አልፎበታል» ብሎ መጣል ቀላል ነበር፤ እናንተ ቀላሉን አልመረጣችሁም። ነገር ግን ቃል በቃል እንፈጽማለን የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት ቃሉን ጨርሰው ባለማንበባቸው ነው።

ከልብስ ልጀምር። ዘሌዋውያን 19፥19 ሁለት ዓይነት ነገር የተቀላቀለበትን ልብስ ይከለክላል። እዚያ ላይ መጽሐፉን የዘጋ ሰው ጥጥና ፖሊስተር የተደባለቀበትን ሸሚዝ ሁሉ ያወግዛል። ዘዳግም 22፥11 ግን ሁለቱን በስም ይጠራቸዋል፦ የበግ ጠጉርና የተልባ እግር። ዛሬም ይህን ሕግ የሚጠብቁ አይሁድ ጥጥና ፖሊስተር አያስጨንቃቸውም። የሚጠረጥሩት የሱፍ ኮትን የአንገት ውስጥ ነው፤ አንገቱ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከውስጥ የተልባ እግር ጨርቅ ሊገባበት ይችላልና። ስለዚህ ክሩን በማይክሮስኮፕ ለሚመረምር ባለሙያ ያሳያሉ። በእውነት ቃል በቃል የሚጠብቅ ሰው ይህን ያህል ይደክማል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ካህኑ የቆዳ ምልክት የወጣበትን ሰው እንዲመረምር የሚያዘው ዘሌዋውያን 13 ነው፤ በእርሱ ሰበብ ሰው ይጎዳልና። በአማርኛው መጽሐፍ «ለምጽ» የተባለው ቃል በዕለት ንግግራችን ቆዳ ቦታ ቦታውን ቀለሙን የሚያጣበት ሕመም መጠሪያ ሆኗል። ሌላው ደግሞ ሥጋ ደዌ ነው ብሎ ይደመድማል። የዕብራይስጡ ቃል ግን ከሁለቱም ጋር በትክክል አይገጥምም። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ልብስን ይይዛል፣ በምዕራፍ 14 ደግሞ የቤት ግድግዳን፤ ግድግዳ የሚይዘው ሥጋ ደዌ የለም። ቁጥር 12 እና 13ን ደግሞ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፦ ቆዳው በሙሉ የነጣ ሰው ንጹሕ ነው ይላል። አንድን ሰው ቆዳው ስለነጣ ብቻ በዚህ ምዕራፍ የሚያርቅ፣ ምዕራፉን ራሱን ይጥሳል።

ካህኑም ቢሆን መድኃኒት አይሰጥም ነበር። አይቶ 7 ቀን ይለየዋል፣ እንደገና አይቶ 7 ቀን ይጨምራል፣ ካልተስፋፋ ንጹሕ ነው ብሎ ያሰናብተዋል። ይህን የመወሰን ሥልጣን ለጎረቤትም ለዘመድም አልተሰጠም። ዛሬ ቆዳ ቀለሙን ማጣቱ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ እናውቃለን። ሥጋ ደዌም እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር በሚወሰዱ ጥምር መድኃኒቶች ይድናል፤ ታማሚው መድኃኒቱን ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። መገለልን ፈርቶ ስሜት ያጣውን የቆዳ ምልክት የሚደብቅ ሰው ግን ነርቩ እስኪጎዳ ይዘገያል፤ ከዚያ በኋላ የተጎዳውን ነርቭ መድኃኒት ላይመልሰው ይችላል።

ዘዳግም 15 በየሰባተኛው ዓመት ዕዳ እንዲተው ያዛል፤ ለድሃው መተንፈሻ ነው። በተግባር ግን ሰባተኛው ዓመት ሲቃረብ ባለገንዘቡ ማበደር ያቆማል። ሕጉ ራሱ በቁጥር 9 ይህን አስቀድሞ አይቶ ገሥጿል፤ ተግሣጹ አልበቃም። በሄሮድስ ዘመን የኖረው የአይሁድ መምህር ሂሌል ሰዎች ማበደር ማቆማቸውን ሲያይ ፕሮዝቡል የሚባል ሰነድ ደነገገ። አበዳሪው በዚህ ሰነድ ዕዳውን ለፍርድ ቤት ያስተላልፋል፣ ሰባተኛው ዓመትም አይሰርዘውም። ዘዴ ነው ብለው የሚነቅፉት አሉ። እኔ ግን ሕጉ ሊጠብቀው የተነሣውን ድሃ ያዳነ ይመስለኛል።

በጎውም ነገር እንዲሁ ነው። ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣራው መከታ እንዲያበጅ ያዛል። የተጻፈው ሰው ወጥቶ ለሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ጣራ ነው፤ ቆርቆሮው ያዘነበለ፣ ማንም የማይወጣበት ጣራ አይመለከተውም። የአይሁድ ሊቃውንት ቁመቱን 10 ጋት ብለው ወሰኑ፤ ከ80 እስከ 95 ሳንቲሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በዚያም አላበቁም፤ የሚናከስ ውሻና የተናጋ መሰላል በቤት እንዳይኖር ከዚሁ ትእዛዝ አወጡ። እንግዲህ በረንዳችሁ መደገፊያ የሌለው ከሆነ፣ ከልብሳችሁ ክር በፊት እርሱን ሥሩ።

ቅጣትን በተመለከተ ግን ጠንቀቅ በሉ። «ዓይን በዓይን» ከሚለው ጥቂት ቁጥሮች ከፍ ብሎ፣ በዘጸአት 21፥19፣ ተደባዳቢው የተጎዳውን ሰው የሥራ ጊዜና የሕክምና ወጪ ይከፍላል፤ ሊቃውንቱም የዓይኑን ሕግ እንደ ካሣ ፈረዱበት። በእስልምናም ለስርቆት የተደነገገው ቅጣት የዕቃው ዋጋ ከተወሰነ መጠን ካላነሰና ከተጠበቀ ቦታ ካልተወሰደ አይፈጸምም፤ ኸሊፋ ዑመርም በረሃብ ዓመት ቅጣቱን እንዳቆሙ ይነገራል። ሁሉም ጋ መጀመሪያ ዳኛ ይፈለጋል፣ ከዚያም ምስክር። ዘዳግም 17፥6 ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይጠይቃል፣ 19፥19 ደግሞ በሐሰት የመሰከረውን በወንድሙ ላይ ባሰበው ቅጣት ይቀጣዋል። ስለዚህ በስልካችሁ የሰው ስም ከነበደሉ ሲደርሳችሁ፣ ወደ ሌላ ሰው ከመላካችሁ በፊት በዓይናቸው ያዩ ሁለት ሰዎች መኖራቸውን ጠይቁ፤ «ሲባል ሰማሁ» የሚል ሰው አይቈጠርም።