የ1928ቱ ጦርነት ከደሴ ሲመራ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ኅዳር 26 ሲቃረብ ጣሊያን በ1928 ደሴን በቦምብ ስለደበደበችበት ቀን የሚጠይቁኝ ይበዛሉ። ዘንድሮ ጥያቄው ሰፋ ብሏል። ብዙዎቻችሁ ጃንሆይ (አፄ ኃይለ ሥላሴ) ደሴ በነበሩ ጊዜ መንግሥት በየቀኑ እንዴት ይወስን እንደነበር ማወቅ ትፈልጋላችሁ። እዚሁ ደሴ ታሪክ ሳስተምር ኖሬያለሁና ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ቀኖቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ለምን ደሴ ተመረጠች? አዲስ አበባ ተቀምጦ መምራት አይቻልም ነበር? (ከሆጤ)

የኔ ልጅ፣ አንደኛው ምክንያት መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ መኪና ይገባ ነበር። የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦም ነበረ። ከደሴ ወደ ሰሜን ግን ነገሩ ሁሉ እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ ደሴ ሽቦውም ጦሩም የሚገናኙባት ከተማ ነበረች። በዚያ ላይ ወሎ የአልጋ ወራሹ የአስፋ ወሰን ግዛት ነበር። ከንጉሥ ሚካኤል ዘመን ጀምሮ ግቢና አዳራሽ ያለው፣ ብዙ ሰው ማስተናገድ የለመደ ከተማ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የልማድ ነው። መቀሌ ጥቅምት 28 ቀን 1928 በጣሊያን እጅ ወደቀች። ጦሩ ሰሜን ዘምቶ ንጉሡ ቤተ መንግሥት ቢቀመጡ ወታደሩ አይቀበለውም። ምኒልክ አድዋ ድረስ ሄደዋል። ጃንሆይ ኅዳር 18 ከአዲስ አበባ ተነስተው ኅዳር 20 ደሴ ገቡ።

አንድ ቀን ምን ይመስል ነበር? ማን ያመጣል፣ ማን ይወስናል? (ከኮምቦልቻ፣ ከፒያሳ፣ ከሰኞ ገበያ)

ይህን ጥያቄ ሦስት ሰው ጠይቆኛል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ወደ ጠቅላይ ሰፈሩ ወሬ የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ከጦር ሜዳ ነው። ራስ እምሩ ሽሬ፣ ራስ ሥዩምና ራስ ካሣ ተምቤን፣ የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ አምባ አራዶም ናቸው። በደቡብ ራስ ደስታ ዳምጠው፣ በኦጋዴን ደጃዝማች ነሲቡ አሉ። ጥቂት የመስክ ራዲዮ ቢኖርም ብዙው መልእክት የሚጓዘው በሰው እግር ነው። ከሽሬ የተነሳ መልእክተኛ ተከዜን ተሻግሮ፣ ተራራውን አቋርጦ እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ። ሲደርስ የያዘው ደብዳቤ ያረጀ ነው።

ሌላው መንገድ የውጭው ነው። በጄኔቫ የመንግሥታት ማኅበር (ሊግ ኦፍ ኔሽንስ) ተቀምጧል። ፓሪስ ላይ ሚኒስትራችን ወልደማርያም፣ ለንደን ላይ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አሉ። አዲስ አበባ ውጭ ጉዳዩን የያዙት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። አሜሪካዊው አማካሪ ኤቨረት ኮልሰንም የውጭውን መልስ በማርቀቅ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ቴሌግራሙ በፈረንሳይኛ ይጻፋል፣ በአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ በኩል ይወጣል፣ ይገባል። ያን ጣቢያ የሠራው ራሱ የጣሊያን ኩባንያ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። የጄኔቫ ወሬ ከሽሬ ወሬ ቀድሞ ደሴ ይደርስ ነበር። ጃንሆይ ለአውሮፓ መልስ ሲሰጡ የራሳቸው ጦር ትናንት ምን እንደገጠመው ሳያውቁ ነው። በዚህ ላይ የሁለቱም መንገድ መጨረሻ እሳቸው ናቸው። የጥይት ክፍፍሉም፣ የራሶቹ ቅሬታም፣ ለጄኔቫ የሚላከው አቤቱታም ወደ እሳቸው ይመጣል። ጸሐፊያቸው ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ አብረዋቸው ነበሩ። ሥልጣን ተቆርሶለት በራሱ የሚወስን የጦር መሥሪያ ቤት ግን አልነበረም። ጦርነቱ በጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን በዚህ አሠራርም ተጎድቷል ብዬ አምናለሁ።

ጦርነቱ ሳይጀመር ጦራችን ከድንበር 30 ኪሎ ሜትር እንዲያፈገፍግ መታዘዙ እውነት ነው? ይህ ሞኝነት አይደለም? (ከሸዋ በር)

እውነት ነው። ሞኝነት ግን አልለውም። ኅዳር 26 ቀን 1927 ኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ ተኩስ ሲነሳ ጣሊያን «ተነካሁ» ብላ ካሣ ጠየቀች፣ ለጦርነት ሰበብ አደረገችው። ጃንሆይ ሁለተኛ ወልወል እንዳይፈጠር ፈሩ። በዚያ ጊዜ እንግሊዝና ፈረንሳይ መሣሪያ ለእኛም ለጣሊያንም አንሸጥም ብለው ነበር። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ አላት፤ የተጎዳነው እኛ ነን። ያንን እገዳ ለማስነሳት ወራሪው ማን እንደሆነ ዓለም ሁሉ ማየት ነበረበት።

መስከረም 22 ቀን 1928 የጣሊያን ጦር የድንበሩን ወንዝ መረብን ተሻገረ። በአራተኛው ቀን የመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ጣሊያንን ውል አፍራሽ አላት። የመሣሪያው እገዳም ለእኛ ተነሳ። የተከፈለበት ዋጋ ደግሞ አለ፤ አድዋ ብዙም ሳይዋጉላት ሄደች። ራስ ሥዩም ይህን ትእዛዝ እንዴት እንደዋጡት ሳስብ ያሳዝነኛል። ያ የገዛ አገራቸው ነው።

መምህር፣ የኅዳር 26ቱን ድብደባ ንገሩን። (ከብዙዎች)

ዓርብ ዕለት ነበር። ጃንሆይ ደሴ ከገቡ ሳምንት አልሞላቸውም። ከወልወል ግጭት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ልክ ዓመቱ ነው። የጣሊያን አውሮፕላኖች ጠዋት መጥተው ከተማዋን በቦምብና በእሳት ቦምብ ደበደቡ። በማግስቱም ተመለሱ። የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ቀይ መስቀል ተስሎበት ሳለ ተመታ። ጃንሆይ ራሳቸው ከመትረየሱ ጀርባ ሆነው ወደ አውሮፕላኖቹ ተኮሱ። ፎቶውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

እኔ ከፎቶው ይልቅ ከዚያ በኋላ የተሠራውን ሥራ ነው የማስተምረው። ከተማው ገና እየነደደ፣ ቁስለኛ እየተለቀመ፣ አቤቱታ ተረቀቀ። በደሴ የነበሩት የውጭ ሐኪሞች ያዩትን ጽፈው ፈረሙ። የውጭ ጋዜጠኞችም እዚሁ ስለነበሩ ወሬው ወዲያው ዓለምን ዞረ። የደሴ ሰው ደም በጄኔቫ ጠረጴዛ ላይ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ይህን በቀዝቃዛ ልብ የተሠራ ነው የሚል ሰው ይኖራል። እኔ እንደዚያ አላየውም። አውሮፕላን የሌለው መንግሥት በእጁ የነበረው መሣሪያ ይህ ነው።

አውሮፕላን አልነበረንም እንዴ? (ከሮቢት)

ጥቂት ነበሩ፣ ለውጊያ ግን አይሆኑም። መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ያመላልሱ ነበር። የቺካጎው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን በዚህ ሥራ ላይ ነበር። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ደግሞ የቀይ መስቀል አውሮፕላን ያበር ነበር።

እንግሊዝና ፈረንሳይ አገራችንን ሊያካፍሉ ያቀረቡት ውል ደሴ ላይ ነው ውድቅ የተደረገው ይባላል። (ከኮምቦልቻ)

አዎ ወንድሜ። የደሴ ልጅ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ፓሪስ ላይ የተስማሙት ኅዳር 28 ነው። ደሴ ከተደበደበች ገና ሁለት ቀኗ ነው። ሐሳቡ ከትግራይ ከፊሉን፣ ኦጋዴንንም ለጣሊያን ይሰጣል። በደቡብ ደግሞ ሰፊ አገር ለጣሊያን ሰፈራና ንግድ ይከለላል። ለእኛ በለውጡ ወደ ባሕር የምትወስድ ጠባብ መሬት ትሰጠናለች።

ወጥመዱ ከባድ ነበር። እምቢ ካልክ ሰላም ጠል ትባላለህ፣ የምትለምነውን የነዳጅ ማዕቀብ ታጣለህ። እሺ ካልክ ገና እየተዋጋ ያለውን ጦርህን ትበትናለህ። ጃንሆይ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ደሴ ሆነው መልሳቸውን ለዓለም አሰሙ። ሰላምን አንጠላም፣ ይህን መቀበል ግን በሕዝባችን ፊት ፈሪነት፣ ማኅበሩንም መክዳት ነው የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። በዚያው ሳምንት፣ ታኅሣሥ 5፣ የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉይና ላይ ጣሊያንን አሸነፈ። ታኅሣሥ 8 ሆር በአገሩ ሕዝብ ቁጣ ከሥልጣን ለቀቀ። ከጦርነቱ ሳምንታት ሁሉ ጦሩና ዲፕሎማሲው እኩል የተራመዱበት ይህ ነው እላለሁ።

ታዲያ ለምን አልጠቀመንም? (የዚሁ ሰው ተከታይ ጥያቄ)

ነዳጁ አልተከለከለማ! ማኅበሩ በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ኅዳር 8 ሲጀምር መሣሪያን፣ ብድርንና የጣሊያንን ሸቀጥ ከለከለ። ነዳጅን ግን አልነካም። የስዌዝ ቦይም ክፍት ነበር። ታኅሣሥ 2 ሊመከርበት የነበረው የነዳጅ ጉዳይ በዚያው በሆርና ላቫል ውል ሰበብ ተላለፈ። ውሉ ሞተ፣ ያመጣው መዘግየት ግን አልሞተም። የካቲት 28 ሂትለር ራይንላንድን ሲይዝ ፈረንሳይ ጭራሽ ዓይኗን ወደ ድንበሯ አዞረች።

መርዝ ጋዙን ደሴ መቼ አወቀች? ምን ተደረገ? (እትዬ ከቧንቧ ውሃ)

እትዬ፣ ጋዙ በሰሜን ግንባር ተከዜ አካባቢ የተጣለው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን አቤቱታው ለማኅበሩ ተላከ። በ1917 ጄኔቫ ላይ የመርዝ ጋዝ እንዳይሠራበት ውል ተፈርሟል። ጣሊያንም ፈርማለች። ማኅበሩ ወረቀቱን ተቀበለ፣ አዛወረ። ጣሊያንን የሚያስገድድ እርምጃ ግን አልወሰደም። በገበሬው እግርና ዓይን ላይ ይወርድ የነበረው ግን አላቆመም። ስለዚህ ጉዳይ ረጋ ብዬ መጻፍ አልችልም።

ጃንሆይን ፊት ለፊት የሚቃወም ነበር? (ከአራዳ)

ነበር። በተለይ ሚያዝያ ላይ አዲስ አበባ ወደ ጄኔቫ ይሂዱ ወይስ ይዋጉ ተብሎ ሲመከር ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት መሄዱን አጥብቀው ተቃውመዋል። አብዛኛው ይሂዱ አለ። በጦር ሜዳ ያለው ተቃውሞ ሌላ መልክ ነበረው፤ ራሶቹ አንዱ በሌላው መታዘዝ አይወዱም። ራስ ካሣ የሰሜን የበላይ አዛዥ ሲባሉ ራስ ሙሉጌታ ደስ አላላቸውም።

ምስጢራችን ይሰማ ነበር የሚባለውስ? (ከሳላይሽ)

ይሰማ ነበር። ጣሊያኖች የራዲዮ መልእክታችንን እየጠለፉ ያነቡ ነበር። ከማይጨው ውጊያ በፊትም ማጥቃት እንደታሰበ የጣሊያን ጦር አዛዡ ባዶሊዮ አውቆ ተዘጋጅቷል።

ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ጃንሆይን አብዝተው አይከላከሉም? ስህተታቸው የታል? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ለምን እቆጣለሁ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ወደ ጄኔቫ መጮሃቸውን አልነቅፍም። የምነቅፈው ማይጨውን ነው።

በዘመቻው መጀመሪያ ለወታደሩ የሰጡት ምክር ትክክል ነበር። ነጭ አትልበሱ፣ አውሮፕላን ሲመጣ ተበተኑ፣ አትሰብሰቡ ብለው ነበር። የካቲት ላይ አምባ አራዶም፣ ተምቤን፣ ሽሬ ተራ በተራ ወደቁ። ጃንሆይ ከደሴ ወደ ኮረም ወጡ። በእጃቸው የቀረው የክብር ዘበኛና የተረፈው ጦር ነው። ክረምት ሊገባ ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ቀርቷል። መንገዱ ሲጨቀይ የጣሊያን መኪና ይቆማል፣ ደመና ሲወርድ አውሮፕላኑም ይቸገራል። እኔ በዚያ ጊዜ የሚሻለው የተራራ በሮቹን ይዞ፣ ጦሩን በትኖ ማድከም ነበር ባይ ነኝ።

እሳቸው ግን በአንድ ቀን ሊወስኑት ፈለጉ። ንጉሥ በግንባር ይዋጋል የሚለው ልማድ ጫና ነበረው። ሠራዊቱ እየሸሸ ሲያዩ ጊዜ ያለቀባቸው መስሏቸውም ይሆናል። ማጥቃቱ ደግሞ በምክርና በግብር (በግብዣ) ምክንያት በተደጋጋሚ ተላለፈ፣ ጠላትም ምሽጉን አጠነከረ። መጋቢት 22 ንጋት ላይ ተጀመረ። ክብር ዘበኛው የሚያስደንቅ ውጊያ ተዋጋ፣ ግን አልሆነም። ሲያፈገፍግ አሸንጌ ሐይቅ ዳር በቦምብና በመርዝ ተቀጠቀጠ። ከማይጨው በኋላ የጣሊያንን ጦር ደሴ እንዳይገባ የሚያግድ ጦር አልተረፈም። አልጋ ወራሹ ከተማውን ለቀው ወጡ፣ ጣሊያን ሚያዝያ 7 ገባ።

ስለ ወሎ አርበኞች የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነውና በሚቀጥለው ዙር እመጣበታለሁ። አብሽሩ።