የሕፃናት ማቆያችሁ ሊዘጋ ነው ሲሏችሁ

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በሒሳብ ሥራ ኖሬያለሁ። አብዛኛውን እዚሁ ሐዋሳ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከሠራኋቸው ሠንጠረዦች አንዷን እስከ ዛሬ አልረሳትም። አንዲት ገጽ ናት። ርዕሷ «የሕፃናት ማቆያ ዓመታዊ ወጪ» ይላል። በእሷ ምክንያት አንድ ማቆያ ተዘግቷል።

ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ የመሥሪያ ቤታችሁ ማቆያ ሊዘጋ መሆኑን ነግራችሁኛል። ምን እናድርግ ብላችሁም ጠይቃችሁኛል። ነገሩን ከዘጊዎቹ ወገን ሆኜ ስላየሁት ሳይጠቅማችሁ አይቀርም።

ያኔ የምሠራበት ድርጅት ከክበቡ ጀርባ አንድ ሰፊ ክፍል ነበረው። ሁለት ሞግዚቶች፣ የተደረደሩ ፍራሾች፣ አንዲት ትንሽ ፍሪጅ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ዓሣ ተስሎበታል። 19 ልጆች ይውሉበት ነበር። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝና የክፍሉን ወጪ አውጪልኝ አሉኝ። አወጣሁ። የሞግዚቶቹን ደመወዝ፣ ሳሙናውን፣ ውሃና መብራቱን፣ የፍራሽ መቀየሪያውን። ደመርኩና ለ19 አካፈልኩት። የአንድ ልጅ ወጪ ብዙ ሆኖ ታየ። ከመቶ በላይ ሠራተኛ ባለበት ቤት «ለ19 ሰው ብቻ» የሚለው ወሬ የተነሳው ከዚያች ገጽ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ።

እናቶቹ አንድ በአንድ እየገቡ ለመኑ። አንዷ አለቀሰች። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ሁሉንም አዳመጧቸው። ግን እያንዳንዷ የራሷን ችግር ይዛ ነው የገባችው። ለእያንዳንዷ «አዝናለሁ፣ በጀት የለም» ማለት ቀላል ነበር። ክፍሉ የንብረት ክፍል ሆነ። ዓሣውን መደርደሪያ ሸፈነው።

ከዚያስ? በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ዓመት የሠራች ገንዘብ ያዥ ለቀቀች። ርክክቡ ሳምንታት ወሰደ። አዲሱ ልጅ እስኪለምድ ድረስ ሒሳብ እየጎደለ እኛ እያመሸን ስንቆጥር ከረምን። ሌላዋ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወጣችና በዚያው ቀረች። የእሷን ሥራ ለሸፈነው ሰው የትርፍ ሰዓት ተከፈለ። ሌሎቹ ጠዋት ማርፈድ ጀመሩ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ ይላሉ፤ ሕፃኑ ትኩሳት ያዘው፣ ሠራተኛዋ ጥላ ሄደች። ይህ ሁሉ እኔው መዝገብ ላይ ነበር። አንዱ በትርፍ ሰዓት፣ አንዱ በቅጥር ማስታወቂያ፣ አንዱ በሥልጠና ስም። የማቆያው መዘጋት ስንት አስወጣን ብሎ የደመረ ሰው ግን አልነበረም። መደመር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

በጣም የሚቆጨኝ ሌላ ነገር አለ። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በ1988 ነው። ያኔ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 60 ቀን ነበር። ቤታችን መናኸሪያ አካባቢ፣ ሥራዬ ፒያሳ በኩል። ባጃጅ የሚባል ነገር ከተማው ውስጥ የለም። ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ እገባለሁ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጋሪ ካገኘሁ በጋሪ፣ ካጣሁ በሩጫ እሄዳለሁ። አጥብቼ፣ ምሳ ሳልበላ እመለሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ጡቴ ይሞላና ሸሚዜን ያርሰዋል። በነጠላ ሸፍኜ ቁጭ እላለሁ። ያችን ሠንጠረዥ የሠራሁት ይህን ሁሉ ያየሁ ሴት ነኝ። ልጆቼ አድገው ነበርና ረሳሁት። ስለዚህ የእናንተም መሥሪያ ቤት ውስጥ ልጆቻቸው ያደጉ ሴቶች ዝም ሲሉ ብታዩ አትቀየሟቸው። ሄዳችሁ አስታውሷቸው።

አሁን ያለውን ሕግ ደግሞ እንይ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ይሰጣል። ከእኔ ጊዜ ይሻላል፣ ተመስገን። ግን አስቡት። ሐኪም ሁሉ የሚለው ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ነው። ሕጉ ግን ሕፃኑ ሦስት ወር ሲሆነው እናትየዋን ወደ ሥራ ግቢ ይላታል። ቀሪዎቹ ሦስት ወራት የማን ናቸው? ወተቷን አልባ ትታለት ትሂድ ትሉኝ ይሆናል። የታለበ ወተት ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ከፍሪጅ ውጭ ግን አራት ሰዓት ገደማ ነው። ጠዋት 2፡30 የታለበው 6፡30 ላይ ጊዜው ያልቃል። የሐዋሳ የኪራይ ቤት ሁሉ ፍሪጅ አለው? መብራትስ ሳይጠፋ ይውላል? ማቆያ ማለት እናትየዋ በአሥር ደቂቃ ደርሳ አጥብታ የምትመለስበት ቦታ ነው። ለዚህ ነው ቅንጦት ሲሉት የሚያመኝ።

መንግሥት ቤት የምትሠሩ ደግሞ ይህን እወቁ። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ በግልጽ ጽፎ ነበር። በ2017 ግን በእሱ ምትክ አዲስ አዋጅ ወጥቷል። አሁን ምን እንደሚል፣ ክልሉም የራሱ ሕግ ካለው፣ ሕግ ክፍላችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። በግል ድርጅት ላላችሁት ዋናው መያዣ የኅብረት ስምምነት ነው፤ የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው የሚፈራረሙት ውል ማለት ነው። ማቆያው እዚያ ውስጥ በአንቀጽ ከሌለ የአለቃ ችሮታ ሆኖ ይቀራል። ችሮታ ደግሞ በአንድ ወረቀት ይነሳል። ማኅበር የለንም የምትሉ፣ አሥር ሠራተኛ ካለ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል።

ይህን ስጽፍ በተለይ የማስባቸው በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩትን ነው። ፓርኩ በ2008 ሐምሌ ሲመረቅ ከየገጠሩ የመጡት ልጆች ገና ለጋ ነበሩ። አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ እናት ሆነዋል። እናታቸው ያለችው ገጠር ነው። ማቆያ ከሌለ ምርጫቸው ሁለት ነው፤ ሥራውን መልቀቅ ወይም ጡት ያልጠገበ ልጅ ለአያት መላክ። ልጇን ልካ በወር አንዴ የምታይ ወጣት አውቃለሁ። ልጁ እናቱን ሲያይ አያቱ ቀሚስ ሥር ይደበቃል። ይህንን ስትነግረኝ አንጀቴን በላችው።

አሠሪዎችም የሚጨነቁበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለት ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ስታስወጣ ትዕዛዝ ሲቀንስ፣ ወጣት ሠራተኞች ከሥራ ሲሰናበቱ አይተናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወጪ ይቆረጣል። እኔ የምለው፣ የሚቆረጠው ሙሉ ሒሳቡ ከታየ በኋላ ይሁን ነው። ሙሉውን ሒሳብ ደግሞ ካላቀረባችሁት ማንም አያቀርብላችሁም።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ አንዲት ልጅ ቤቴ መጣች። የመሥሪያ ቤታቸው ማቆያ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ይዘጋል ተብሏል። ደብዳቤ ረቂቅ ይዛለች። «እኛ ምስኪን እናቶች በታላቅ ትሕትና» ብሎ ይጀምራል። ቡና አፈላሁና ተቀመጥን። መጀመሪያ ያልኳት «ምስኪን የሚለውን አውጪው» ነው። ሠርታችሁ የምትከፈሉ ሰዎች ናችሁ። ከዚያ የማቆያው መዝገብ የት ነው አልኳት። ሞግዚቷ ጋር ነበር። በማግሥቱ ይዛው መጣች። ጠርዙ የተበላ ትልቅ ደብተር፣ የሰባት ዓመት ስም።

ሁለት ከሰዓት ቆጠርን። በዚያን ቀን የሚውሉት ልጆች 23 ናቸው። በሰባት ዓመት የገቡት ግን 112 ሆነው ተገኙ። ሕፃን ያድጋል፣ ሌላው ይተካል። እኔ ያኔ ለ19 ሳካፍል ያላየሁት ይህንን ነው። አስመዝጋቢዎቹን ስናይ ደግሞ ሩቡ አባቶች ናቸው። አንዱ ሾፌር፣ አንዱ የጥበቃ ኃላፊ፣ አንዱ አሁን የመምሪያ ኃላፊ ሆኗል። እነሱ ጋር ሂጂ አልኳት። ጉዳዩ የሴቶች ጓዳ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። አገራችን በ1983 የተቀበለችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 156 የቤተሰብ ኃላፊነት ያለባቸውን ሠራተኞች ሲል ወንዱንም ሴቷንም ነው። አዋጅ ቁጥር 1156 ለግል ድርጅት አባት የሚሰጠው ፈቃድ ግን 3 ቀን ብቻ ነው። አባትየው ከዚያ በኋላ ልጁን የሚያየው በማቆያው በር ነው።

ደብዳቤው ላይ ያላገቡትም ፈረሙ። ነግ በኔ ነው። አንዱ ወጣት «እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ነበር አሉ። ማቆያው ሲዘጋ የማታ ተራ ማን እንደሚሸፍን ሲነግሩት ፈረመ። በዚህ አልፈርድበትም። ሰው ወደ እውነት የሚገባበት በር ብዙ ነው።

ሌላው ገጽ ወጪ ነው። ከሰው ሀብት ክፍል ጠይቀው፣ በሁለት ዓመት ስንት እናት ከወሊድ ፈቃድ ተመልሳ እንደቀጠለች አወጡ። አንድ ሰው ለመተካት ምን እንደሚወጣ ከቅጥር ማስታወቂያው ጀምሮ ደመሩ። ከማቆያው ዓመታዊ ወጪ ጎን አስቀመጡት። ምንም አላጋነኑም። አታጋንኑ ያልኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ቁጥር ውሸት ከተገኘበት ሌላውን ሁሉ ይዞት ይወድቃል።

አንድ ነገር ላይ ተከራከርን። ወጪ ለመቀነስ የአንዷ ሞግዚት ደመወዝ ይቀነስ የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። እምቢ አልኩ። ሞግዚቶቹ የእናንተን ልጅ ገላ እያጠቡ፣ እያስተኙ፣ በጀርባቸው አዝለው የሚውሉ ሴቶች ናቸው። ደመወዛቸው ከሁሉ ያነሰ ነው። በእነሱ ጉሮሮ ላይ ቆሞ ማቆያ ማዳን አይቻልም። ይልቅ ወላጆች እንደ ደመወዛቸው መጠን በየወሩ ትንሽ ያዋጡ፣ የጎረቤት መሥሪያ ቤትም ልጆቹን እያመጣ ወጪ ይጋራ ተባለ። ይህ የመጣው ከልጅቷ ነው፣ ከእኔ አይደለም። ጥሩ ሐሳብ ነበር።

ደብዳቤውን ግልባጭ አድርገው መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ቁጥር አስያዙ። በቃል የተነገረ ነገር ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ስብሰባው ላይ አምስት ሆነው ገቡ፤ ሁለት እናቶች፣ ሁለት አባቶች፣ አንዲት ልጆቿ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ሴት። ቃለ ጉባኤ አስያዙ። ሰዓቱንም አስተውሉ፤ ግንቦት ነበር፣ በጀት ሳይጸድቅ። እኛ ያኔ የነቃነው ክፍሉ ዕቃ ከገባበት በኋላ ነው። ዕቃ የገባበትን ክፍል ማስለቀቅ እንዴት ያለ መከራ መሰላችሁ።

ያገኙት የአንድ ዓመት ጊዜ ነው። ሙሉ በሙሉ አላሸነፉም። መዋጮው ተጀምሯል፣ ጎረቤት መሥሪያ ቤቱ ስድስት ልጆች ልኳል። ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል። ልጅቷ ባለፈው ቅዳሜ ደውላልኝ ነበር። አሮጌው ደብተር ስላለቀ አዲስ ገዝተዋል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከልጁ ስም ጎን የአባትና የእናት የሥራ ክፍል የሚጻፍበት ዓምድ አስምረዋል።