መርከብ የሚጠግን ሠራተኛ ቢጎዳ ካሣው በየትኛው ሕግ ነው?

ውድ ጠያቂያችን፣ የብየዳ ሥልጠናዎን እየጨረሱ መሆኑንና ሲያትል ካለ የመርከብ ጥገና ድርጅት ሥራ እንደተሰጠዎ ገልጸው፣ በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስብዎ ካሣ የሚያገኙት በዋሽንግተን ስቴት ሕግ ይሁን በፌዴራሉ ጠይቀዋል። ሳይፈርሙ ይህን ማሰብዎ አስደስቶኛል። ጉዳዩን የሚወስነው የሥራ መደብዎ ስም ሳይሆን በየዕለቱ የሚሠሩት ሥራና የሚሠሩበት ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1917 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከመርከብ ጭነት ሲያራግፍ ለሞተ ሠራተኛ ቤተሰብ በኒውዮርክ ሕግ የተፈረደውን ካሣ፣ የባሕር ጉዳይ የፌዴራል ሥልጣን ነው በማለት ሻረው። ያለ ዋስትና የቀሩትን የወደብ ሠራተኞች ለመካስ ኮንግረስ በ1927 የሎንግሾርን ሕግ አወጣ፤ ይህ ሕግ በ1972 እስኪሻሻል ድረስ ግን በውኃው ላይ የተጎዳውን እንጂ ወደ መትከያው፣ ማለትም መርከብ ወደሚታሰርበት የወደብ መድረክ፣ የወጣውን አይሸፍንም ነበር። ማሻሻያው ሽፋኑን ወደ የብስ ሲያሰፋው ከስቴቶች ሕግ ጋር ተደራረበ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1980 ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሠሩ እንደሚችሉ ወሰነ። ይሁን እንጂ ስቴቶች በዚህ አንድ አይደሉም። ካሊፎርኒያ ሁለቱንም በር ክፍት ስታደርግ፣ ዋሽንግተን ግን በፌዴራል የባሕር ሕግ መብት ያለውን ሠራተኛ ከራሷ ሽፋን ታወጣለች። ስለዚህ እርስዎ በጥገና ግቢው ውስጥ መርከብ የሚበይዱ ከሆነ መጠጊያዎ የሎንግሾር ሕግ ነው፤ ለጊዜው መሥራት ቢያቅትዎ፣ በሕጉ ጣሪያ ተወስኖ፣ የአማካይ ሳምንታዊ ደመወዝዎን ሁለት ሦስተኛ ይከፍላል። ለአንድ ጉዳት ከሁለቱም ሕጎች ድርብ ካሣ አይገኝም፤ ስቴቱ የከፈለው ካለ ከፌዴራሉ ካሣ ላይ ይቀነሳል።

ድርጅቱ የመርከብ ባልደረባ አድርጎ በጉዞ ላይ ቢያሠራዎ ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ የሚመለከትዎ የ1920ው የጆንስ ሕግ ነው፤ በዚህ ሕግ ካሣ ለማግኘት ደግሞ የአሠሪውን ቸልተኝነት በፍርድ ቤት ማስረዳት ያስፈልጋል።

እጅግ የሚያሳስበኝ የጊዜ ገደቡ ነው። በሎንግሾር ሕግ ጉዳቱን ለአሠሪው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ የካሣ ጥያቄውንም በመሠረቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ለፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ማቅረብ ይገባል፤ ለስቴቱ ያስገቡት ማመልከቻ ይበቃኛል ብለው እንዳይዘናጉ። ከመፈረምዎ በፊትም ድርጅቱ የሎንግሾር መድን የገባው ከየትኛው ኩባንያ እንደሆነ ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።